ግንቦት 59፦ የአያቴን መርከብ በድሮ ጋዜጦች ፍለጋ

የባሕረኛው የልጅ ልጅ | ጥቅምት 3፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ዘር ሐረግ ፍለጋ የምትጽፉትን ለወራት ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

የእናቴ አባት ባሕረኛ ነበር። የደሴ ልጅ ነው። ባሕር የሚባል ሳያይ አድጎ፣ አንድ ቀን በጨው መኪና ተሳፍሮ አሰብ ወረደ፤ በዚያው መርከብ ላይ ቀረ። እኔ ከመወለዴ በፊት ስላረፈ አላውቀውም። ቤታችን ውስጥ ከእሱ የቀረው ሁለት ነገር ነው።

አንዱ ፎቶ ነው። መርከብ ላይ ቆሞ ይስቃል። ከጎኑ የነፍስ ማዳኛ ቀለበት ተሰቅሏል። ቀለበቱ ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት ብቻ ይነበባሉ፦ ኤስ፣ ኤ፣ ቢ። ሌላውን ትከሻው ሸፍኖታል። ከፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ «ሮተርዳም፣ ግንቦት 20/59» ይላል።

ሁለተኛው ወሬ ነው። ትልቋ አክስቴ እንደምትለው አያቴ ካፒቴን ነበር። አንዴ መርከቡ ጠፍቶ፣ ሞቷል ተብሎ ደሴ ላይ ተለቅሶለታል። ኋላ ሰውየው በእግሩ ከች አለ።

አራት ወር ሙሉ የሆላንድን የድሮ ጋዜጦች በኢንተርኔት ሳገላብጥ ከረምኩ። የ1959ን ሜይ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። የአያቴን ስም በሰባት ዓይነት አጻጻፍ ፈለግኩ። ምንም የለም። ኤስ፣ ኤ፣ ቢ «ሳባ» ማለት ይመስለኛል። ንግሥተ ሳባ የምትባል የኢትዮጵያ መርከብ ነበረች ሲባል ሰምቻለሁ። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?

ሎሚ ሻይ | ጥቅምት 3፣ ምሽት 3፡05

እቱ፣ «ግንቦት» ብሎ የጻፈ ሰው ዓመቱን በፈረንጅ ይጽፋል? 59 እኮ የኛው 59 ነው። አራት ወርሽን አፈር በላው።

የባሕረኛው የልጅ ልጅ | ጥቅምት 3፣ ምሽት 3፡11

ውይ። ሮተርዳም ስለነበረ የፈረንጅ መስሎኝ ነው እኮ። እዚህ አሜሪካ ተወልዶ ማደግ እንዲህ ያደርጋል። አሁን ግድግዳ ላይ ጭንቅላቴን ልመታ ነው።

ማይክሮፊልም | ጥቅምት 3፣ ምሽት 4፡30

አትምቺ፣ የታሪክ ተማሪዎችም እዚሁ ላይ ነው የምንወድቀው። እስቲ አብረን እናስላው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በኛና በፈረንጅ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ስለዚህ ግንቦት 20 ቀን 1959 ማለት ሜይ 28፣ 1967 ነው።

ይሄ ደግሞ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው በፈረንጅ 1964 ነው። በሦስት መርከብ ሥራ የጀመረው በ1966 ነው። አንቺ በፈለግሽበት በ1959 ድርጅቱ ገና አልነበረም። አያትሽ ሮተርዳም ላይ ፎቶ ሲነሱ ግን የኛ መርከቦች ባሕር ከገቡ ገና ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ንግሥተ ሳባ መባሏም ልክ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ሰው ስም ይዞ ጋዜጣ ውስጥ ይገባል። ጋዜጣ ደግሞ ተራ ባሕረኛን በስሙ አይጽፍም፤ ካልሰመጠ ወይም ካልታሰረ በቀር። ጋዜጣ የሚጽፈው መርከቡን ነው። መቼ ገባ፣ ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ። አያትሽን ተያቸውና መርከቡን ፈልጊ።

ጡረተኛው ቦሰን | ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ ወንዱ ልጄ ኢንተርኔቱን ከፍቶልኝ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅርታ። 26 ዓመት በንግድ መርከብ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ተራ ሲማን፣ ኋላ ቦሰን፣ የመርከበኞች አለቃ ማለት ነው።

«ሳባ» ያልሽው አይደለም። በነፍስ ማዳኛው ቀለበት ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል። ከላይ የመርከቡ ስም፣ ከታች የተመዘገበበት ወደብ። አንቺ ያየሽው የታችኛውን ነው። «አሰብ» በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው ኤስ፣ ኤ፣ ቢ ነው። ንግሥተ ሳባ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ሺባ» ነው፤ እነዚህ ሦስት ፊደላት በዚያ ቅደም ተከተል አይገኙበትም። ስለዚህ መርከቡ የኛ ነው ማለት ነው። የውጭ መርከብ አሰብ ብሎ አይጽፍም።

ፎቶውን ለጥፊው እስቲ። ካፒቴን ያልሽው ነገር ከንክኖኛል። በዚያ ዘመን ካፒቴኖቹ በአብዛኛው ፈረንጆች ነበሩ።

የባሕረኛው የልጅ ልጅ | ጥቅምት 4፣ ምሽት 1፡50

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ፎቶው ይኸው።

ጡረተኛው ቦሰን | ጥቅምት 4፣ ምሽት 2፡30

አየሁት። ልጄ፣ ካፒቴን ሽርጥ አይታጠቅም።

የባሕረኛው የልጅ ልጅ | ጥቅምት 4፣ ምሽት 2፡44

ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት። «አሰብ ላይ በዚያ ሙቀት ሽርጥ ያልታጠቀ ማን አለ? አፋሩም አማራውም ሽርጥ ነው!» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ጡረተኛው ቦሰን | ጥቅምት 4፣ ምሽት 3፡02

እሱስ ልክ ናት። እኔም በሽርጥ ነበር የምተኛው። ግን የአሰቡ ሽርጥ ከወገብ ነው። ይሄ ከአንገት የሚንጠለጠል ነጭ ነው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ የዘይት ጠብታ አለበት። አያትሽ ኩክ ነው። ለአክስትሽ ግን አትንገሪያት። መርከብ ላይ ካፒቴኑ ቢታመም ምክትሉ ይነዳል፤ ኩኩ ቢታመም ሁሉም ይራባል።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። ጠፍቷል ተብሎ ተለቀሰለት አላልሽም? ሜይ 28፣ 1967 ሮተርዳም የነበረ ሰው በሳምንቱ ምን እንደገጠመው እኔ ልንገርሽ። ጁን 5 የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሳ። ግብፅ የስዊዝን ቦይ ዘጋች። አሰብ የሚገባ መርከብ ሁሉ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ዞሮ መምጣት ግድ ሆነበት። በስዊዝ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚፈጀው መንገድ በኬፕ ከወር በላይ ሆነ። በዚያ ዘመን ሞባይል የለ፣ ኢሜይል የለ። ደሴ ያለ ቤተሰብ በሬዲዮ «ስዊዝ ላይ ጦርነት» ሲል ይሰማል። ከዚያ ሰውየው በቀኑ አይመጣም። ምን ይላል? ያለቅሳላ።

ማይክሮፊልም | ጥቅምት 4፣ ምሽት 3፡40

ጋሼ ቦሰን፣ ክሩን ዘጉት እኮ!

የ«መርከብ ጠፋ» ወሬ ምንጩ ይሄም ሊሆን ይችላል፦ ቦዩ ሲዘጋ ውስጡ እያለፉ የነበሩ መርከቦች ተይዘው ቀሩ። 14ቱ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ 8 ዓመት ቆሙ። የበረሃ አሸዋ ስለለበሱ «ቢጫው መርከብ ጦር» ተባሉ። የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የስዊድን፣ የፖላንድ፣ የቡልጋሪያ፣ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይና የቼኮዝሎቫኪያ ነበሩ፤ የኛ አልነበረም። ግን ሬዲዮ «መርከቦች ተይዘዋል» ሲል አሰብ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ምን ያስባል?

እግረ መንገዴን፣ ለዘመን ቆጠራ ወዳጆች ትንሽ ጣጣ ላክልላችሁ። ቦዩ የተዘጋው በ1967 ነው። የተከፈተውም በ1967 ነው። የተዘጋው በፈረንጅ፣ የተከፈተው በኛ። ጁን 5፣ 1975 ማለት ግንቦት 28፣ 1967 ዓ.ም. ነው። አንድ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ «ቦዩ በ1967» የሚል አይቼ ግማሽ ቀን ያበድኩት በዚህ ነው።

የካርዲፍ ነዋሪ | ጥቅምት 5፣ ቀትር 6፡15

ከእንግሊዝ በኩል ልግባ። ቅድመ አያታቸው በእንግሊዝ መርከብ የሠሩ ካላችሁ መዝገቡ ከኛ አገር ጋዜጣ ይልቅ ብዙ ይናገራል። የእንግሊዝ መርከብ በወጣ ቁጥር የሠራተኛ ዝርዝር ይሞላል። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ ደሞዝ፣ ቀድሞ የነበረበት መርከብ። የ1915ቱ ዝርዝር ሙሉ በሙሉ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ወደ 750 ሺህ ስም ይይዛል። ሌሎቹ ዓመታት ግን ተበታትነዋል። ከ1863 እስከ 1938 ካሉት 70 በመቶ ገደማው የሚገኘው ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ፣ በሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ነው። አዎ፣ ኒውፋውንድላንድ። የእንግሊዝ መንግሥት ቦታ ጠቦት ሊያስወግደው ሲል እነሱ ወሰዱት።

ከ1918 እስከ 1921 ደግሞ እያንዳንዱ ባሕረኛ ካርድ ነበረው። ካርዱ ላይ ፎቶ አለ! የካርዶቹ መዝገብ ሳውዝሃምፕተን ነው ያለው። አንድ ጓደኛዬ አያቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያ ካርድ ላይ ነው። ኮቱ የተዋሰው ይመስላል፤ እጀታው ጣቱን ይውጠዋል።

ግን ተጠንቀቁ። የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ «ኤደን» ቢል አትመኑ። ኤደን፣ የየመኗ ወደብ፣ የእንግሊዝ ግዛት ስለነበረች እዚያ ተወለድኩ ያለ ሰው የእንግሊዝ ተገዢ ይባላል፤ ሥራ ያገኛል፣ ከፖሊስ ጣጣ ይድናል። በተለይ በ1925 ጥቁርና አረብ ባሕረኞች እንደ ባዕድ ፖሊስ ጣቢያ እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ደንብ ከወጣ በኋላ ይሄ መልስ ወርቅ ነበር። ስለዚህ የኛም ሰው፣ የሶማሌውም፣ የየመኑም በአንድ «ኤደን» ሥር ተደብቆ ይገኛል።

ሎሚ ሻይ | ጥቅምት 5፣ ቀትር 6፡40

የስሙን ነገር አንድ ሰው ይናገርልኝ። እኔ በፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም የኔ ስም ሆኖ ሦስት ኤርፖርት ያስቆመኝ ሰው ነኝ።

የካርዲፍ ነዋሪ | ጥቅምት 5፣ ምሽት 1፡10

ስሙማ መከራ ነው። ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው። ጣሊያን ከሆነ ሀን አይሰማም፤ ኃይሉን «አይሉ» ብሎ ይጽፈዋል። ፈረንሳይ ከሆነ ሌላ። ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው «ገብረ» በአንድ ዓምድ፣ «ሥላሴ» በቤተሰብ ስም ዓምድ ይገባል። ስለዚህ «ሥላሴ» የሚባል ቤተሰብ በመርከቡ ሙሉ ተበትኖ ታገኛላችሁ፤ አንዳቸውም አይዛመዱም። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም እየተመዘገበ አባትና ልጅ የማይዛመዱ መስለውም ይቀራሉ። እኔ ስም ስፈልግ መጀመሪያ አናባቢውን ረስቼ ተነባቢውን ብቻ ይዤ ነው የምሄደው።

ሌላው ወጥመድ «ኢትዮጵያዊ» እና «አቢሲኒያዊ» የሚሉት ቃላት ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝና የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው የሚዘፍኑ ነጮች ማስታወቂያ ነው። «አቢሲኒያ» ብትሉ ደግሞ በ1870 የተሠራች የመንገደኞች መርከብ አለች፤ በ1891 አትላንቲክ ላይ ተቃጥላለች። በዚያው በ1870 ባሕር የገቡ «አቢሲኒያ» እና «መቅደላ» የተባሉ ሁለት የጦር መርከቦችም አሉ፤ ሥራቸው የቦምቤይን ወደብ መጠበቅ ነበር። እስቲ አስቡት፣ በመቅደላ ስም የተጠራ የጦር መርከብ። እኔ በ«አቢሲኒያዊ ባሕረኛ» ሁለት ሳምንት ፈልጌ «አቢሲኒያዊ» የሚባል የድመት ዘር ዋጋ አጥንቼ ተመለስኩ።

ማይክሮፊልም | ጥቅምት 5፣ ምሽት 2፡00

ሃርለም ያለውን የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አትርሳው። በ1808 ነው የተመሠረተው። መሥራቾቹ የዘር መለያየትን የተቃወሙ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት እንደሚለው አብረዋቸው የኒውዮርክ ወደብ የደረሱ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችና ባሕረኞች ነበሩ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። የዚያን ዘመን ወደብ መዝገብ ቆፍሮ የሚያወጣ ሰው ቢገኝ እኔ ቡናውን እችላለሁ።

የዶሃው | ጥቅምት 6፣ ጠዋት 4፡25

ሰላም። እኔ የማነሳው እንደናንተ በፈቃዱ ባሕር ስለገባ ሰው አይደለም። ግን ባሕረኞች ናቸውና እዚህ ክር ላይ ሊነሱ ይገባል።

በባሕረ ሰላጤው በዕንቁ ጠላቂነት ከሠሩት ብዙዎቹ ከኛ አገርና ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የመጡ ናቸው። ጠላቂው አፍንጫውን በማያያዣ ይዘጋል፣ እግሩ ላይ ድንጋይ ያስራል፣ ይወርዳል። ገመዱን የሚይዝ ሌላ ሰው ከላይ አለ። በወቅቱ በጋ ሙሉ እንዲህ ነው። በ1920ዎቹና 30ዎቹ ብዙዎች አምልጠው እንግሊዝ ወኪሎች ዘንድ ሄደው የነፃነት ወረቀት ጠየቁ። ወኪሉ ቃላቸውን ይጽፋል። «እገሌ የእገሌ ልጅ፣ አቢሲኒያ ተወለድኩ፣ ዕድሜዬ ይህን ያህል ነው፣ ልጅ ሳለሁ ሰረቁኝ፣ በመርከብ አሻገሩኝ፣ ለእገሌ ሸጡኝ፣ ጠላቂ ነኝ።» በዚያ ላይ የጃፓን ሰው ሠራሽ ዕንቁና የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ተደርበው ገበያው ወደቀ፤ አምላጩም በዛ።

እነዚህ ወረቀቶች የኳታር ዲጂታል ላይብረሪ ላይ በነፃ ይታያሉ። የብሪቲሽ ላይብረሪ ሰነዶች ናቸው። ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ብቻ ናቸው። ስማቸው ግን የአገራቸው ስም አይደለም። ሙባረክ፣ ፈረጅ፣ ያቁት፣ አልማስ፣ መርጃን። ያቁት ቀይ የከበረ ድንጋይ ነው፣ አልማስ አልማዝ ነው፣ መርጃን ኮራል የሚባለው የባሕር ጌጥ ነው። ባሪያቸውን እንደ ጌጥ ነው የሚሰይሙት። ስለዚህ በስም ሳይሆን በትውልድ ቦታ ፈልጉ። እኔ በየዓርቡ አንድ ሁለት ገጽ አነባለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።

የምጽዋ ልጅ | ጥቅምት 6፣ ምሽት 2፡15

የዶሃው፣ ይህን ስለጻፍክ እግዜር ይስጥህ።

ስለ ባሕር ኃይል ማንም አላነሳምና እኔ ላንሳ። አባቴ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ነበር። የባሕር ኃይል አባት ያላችሁ ካላችሁ የምትጀምሩት ከመርከቧ የቀድሞ ስም ነው። «ኢትዮጵያ» ወደኛ ከመምጣቷ በፊት «ኦርካ» ትባል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ያገለገለች የአሜሪካ የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከብ ናት። ለኛ የተሰጠችው በጥር 1962 በፈረንጅ ነው። የአሜሪካ ዘመኗ መዝገብ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አባቴ ያን ዜና የሰማ ቀን ምሳ አልበላም።

የአባቴን ፎቶ ያገኘሁት ግን ከማላስበው ቦታ ነው። የአሜሪካ የጦር መርከቦች ጉዟቸውን ሲጨርሱ ለመርከበኞቻቸው እንደ ትምህርት ቤት የዓመት መጽሐፍ ያለ አልበም ያሳትማሉ። ምጽዋ ለባሕር ኃይል ቀን ከመጡት የአንዱ አልበም ላይ «የምጽዋ ጉብኝት» የሚል ገጽ አለ፤ ንጉሡ ተሰልፈው የቆሙትን ሲጎበኙ። ከሰልፉ አራተኛው አባቴ ነው። አሜሪካኖቹ ስሙን አያውቁም። እኔ ግን ጆሮውን አውቀዋለሁ። ጆሮው የኔ ጆሮ ነው።

የባሕረኛው የልጅ ልጅ | ጥቅምት 9፣ ምሽት 1፡30

ሁላችሁንም አነበብኩ። የዶሃውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩ።

ሪፖርት ላቅርብ። ቅዳሜ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ከቤቴ በሜትሮ 40 ደቂቃ ነው። የአንባቢ መታወቂያ በነፃ ሰጡኝ። የአዲስ ዘመንን ማይክሮፊልም አስመጣሁና የሰኔ 1959ን ጠመዘዝኩ። ማሽኑ ዓይን ያዞራል። ጦርነቱ የፊት ገጹን ይዞታል። ስለ መርከባችን አንድ መስመር አላገኘሁም። ግን የሐዘን ማስታወቂያዎቹን ሳነብ ቀኑ መሸ። «የእገሌ እናት፣ የእገሌ አክስት፣ የእገሌ ሚስት አያት» እያለ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ይዘረዝራል። ዘር ሐረግ ለሚፈልግ ሰው ሀብት ነው።

አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ የአያቴን የሥራ ፋይል ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። መስኮት 4 ወደ መስኮት 7 ላከው፤ መስኮት 7 ወደ መስኮት 4። ሦስተኛው ቀን ላይ ዘበኛው «ልጄ፣ ያ ፋይል ካለም እዚህ አይደለም» አለው። ከሁሉም የሚያውቀው ዘበኛው ነው።

ማይክሮፊልም | ጥቅምት 9፣ ምሽት 2፡05

የፍርድ ቤት ማስታወቂያዎቹንም እይ። «የሟች እገሌ ወራሽ ነኝ ያለ» የሚሉት ላይ ስም እስከ አያት ተጽፎ ይገኛል። የአጎትሽ ልጅ ደግሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ጎራ ይበል። እዚያ ጋዜጣው በጥራዝ አለ። አማርኛ ጋዜጣ በኮምፒውተር ቃል ተጽፎበት አይፈለግም፤ ጣት አርሶ መግለጥ ነው። ደግሞ ሀ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ ላይ አትጨነቁ። አራሚው እንደ ዕለቱ ነው የሚጽፈው።

ጡረተኛው ቦሰን | ጥቅምት 9፣ ምሽት 2፡50

ልጄ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በኬፕ የሚዞር መርከብ መንገድ ላይ ነዳጅ መሙላት አለበት። ኬፕታውን ገብቶ ይሞላል እንዳትይ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ድረስ ከሰው የተካሰሱበት ዘመን ነው። አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎችም በ1963 በፈረንጅ አገራት ወደባቸውን ለደቡብ አፍሪካ መርከብ እንዲዘጉ ጠይቀዋል። እኛ እዚያ አንቆምም ነበር። ስለዚህ ቀደም ብሎ መሙላት ነው። ሰሜን ላይ፣ በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ ላስ ፓልማስ አለች። ስዊዝ ሲዘጋ የዓለም መርከብ ሁሉ እዚያ ነበር የሚሰለፈው። እኔ ራሴ ኋላ ላይ እዚያ ሙዝ በልቼ ሆዴን ታምሜያለሁ።

የላስ ፓልማስን ጋዜጣ ፈልጊ። የመርከቡን ስም ትተሽ «የኢትዮጵያ» የሚለውን በስፓኒሽ ፈልጊ። የወደብ ዜና ሲጽፉ ባንዲራውን ይጠቅሳሉ።

የባሕረኛው የልጅ ልጅ | ጥቅምት 14፣ ሌሊት 7፡20

አገኘሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የካናሪ ደሴቶች የድሮ ጋዜጦች በነፃ የሚገኙበት «ሃብሌ» የሚባል የላስ ፓልማስ ዩኒቨርሲቲ ገጽ አለ። በጁን 1967 ላይ «ኤቲዮፔ» ብዬ ፈለግኩ። መጀመሪያ የመጣው ስለ ንጉሡ ነው። ሁለተኛው ስለ አትሌት። ሦስተኛው በወደብ ዓምድ ውስጥ፣ ከአንድ የግሪክ መርከብና ከአንድ የኖርዌይ መርከብ መካከል የተጠመደ አንድ መስመር ነው። የኢትዮጵያ የጭነት መርከብ፣ ከሮተርዳም፣ ወደ አሰብ፣ ነዳጅ ለመሙላት። ስሙን አዛብተው ጽፈውታል፤ አንድ ፊደል ዘለዋል። ቀኑ ጁን 16 ነው። በኛ ሰኔ 9።

ዘጠኝ ቃል ነው። ለአራት ወር የፈለግኩት ዘጠኝ ቃል ነው።

ሎሚ ሻይ | ጥቅምት 14፣ ሌሊት 7፡31

እልልልል! አራት ወርሽን አፈር አልበላውም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የካርዲፍ ነዋሪ | ጥቅምት 14፣ ጠዋት 3፡00

እንኳን ደስ አለሽ። አሁኑኑ ገጹን በምስል አስቀምጪው፤ የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና የገጽ ቁጥሩን ጨምሪበት። ነገ ሊንኩ ቢጠፋ ታለቅሻለሽ።

የባሕረኛው የልጅ ልጅ | ጥቅምት 17፣ ምሽት 2፡20

ትናንት እሑድ አክስቴ ቤት ሄጄ አነበብኩላት። ሰኔ 9 ላስ ፓልማስ ነበር አልኳት። ካርታ አውጥቼ በጣቴ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ አሰብ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችው። ያኔ 10 ዓመቷ ነበር።

«እኛ እኮ ሰኔ ሚካኤል ላይ ነው ያለቀስነው» አለች። እናቷ ፀጉሯን ተላጨች። ጎረቤቱ ድንኳን ጣለ። አርባው ሲደርስ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጠላ ተጠመቀ፣ በግ ታረደ። ዝናብ ነበር። ካህናቱ ሳይመጡ በፊት በጓሮ በር አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ ገባ። ሴቶቹ ጮኸው ሸሹ። እሱ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። ማን ሞቶ ነው ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት ጠፋ።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ሻንጣውን አስቀመጠ። ወደ ጓዳ ገባ። የትልቁን ድስት ክዳን አነሳ፣ በማማሰያው ቀመሰ፣ ‹ጨው አንሶታል› አለ። ሽርጡን ታጥቆ ራሱ ጨረሰው።»

ይህን ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

ጡረተኛው ቦሰን | ጥቅምት 17፣ ምሽት 2፡35

ኩክ።